የጣና ዳር ልጅ ካሜራ ሲይዝ፦ ባሕር ዳርን፣ ቤተሰብንና የዕለት ኑሮን ፎቶ የማንሳት መመሪያ

የባሕር ዳር ፎቶ ሞልቷል። ዘንባባ የተሰለፈበት አስፋልት፣ ማታ ማታ የሚቀላው ጣና፣ ጢስ ዓባይ። ጢስ ዓባይማ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ሳይቀር ስናየው ኖረናል። እነዚህን ሁለት ቀን አድሮ የሚሄድ እንግዳም አንስቷቸው ይሄዳል።

የሚጠፋው ሌላው ነው። እናታችሁ ቡና ሲቆሉ። አባታችሁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ጋቢያቸውን ሲያጥፉ። የሰፈር ልጆች በዝናብ ኳስ ሲራገጡ። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ሲያደርቅ። ይህን በደንብ ሊያነሳው የሚችለው የከተማው ልጅ ነው። ሰው ያውቀዋል፣ ቤት ይገባል፣ ዛሬ ካልሆነለት ነገ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ዕድል እንዴት እንደምትጠቀሙበት ነው። ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የያዛችሁት ስልክ ይበቃል። ካሜራ ያላችሁም የምታገኙት ነገር አለ።

1. ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ እወቁ

ባሕር ዳር ያለችው በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ቆማችሁ ሐይቁን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ጠዋት ፀሐይ በቀኛችሁ ትወጣለች። ማታ በግራችሁ፣ በዘጌ አቅጣጫ ትወርዳለች። ይህ ለፎቶ ትልቅ ዕድል ነው። ጠዋትም ማታም ብርሃኑ ከጎን ይመጣል ማለት ነው። የጎን ብርሃን የፊትን ቅርጽ፣ የመረቡን ክር፣ የውሃውን ሞገድ ለይቶ ያወጣል።

ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች። ማታም በዚያው ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ጥሩው ብርሃን ጠዋት እስከ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ። ከጠለቀች በኋላ ቶሎ ይጨልማል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይቆይና ያበቃል። ስለዚህ ፀሐይዋ ስለገባች ብላችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ አትክተቱ። የከተማው መብራት ከውሃው ጋር የሚያምረው በዚያች ሰዓት ነው። ስልኩን አጥር ወይም ድንጋይ ላይ አስደግፉ፤ ሰዓት ቆጣሪውን 3 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን አንሱ። ምስሉ አይንቀጠቀጥም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ አትጠልቅም። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ ሰሜን ትጠጋለች፤ ያ ማለት ወደ ውሃው። በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትሸሻለች፤ ያን ጊዜ ከከተማው ዳርቻ ሆናችሁ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ የምትገባው ከዛፍና ከሕንፃ ጀርባ ነው። ጀንበርን ሐይቁ ላይ የምትፈልጉ ከሆነ ሚያዝያንና ግንቦትን ያዙ። የክረምቱ ደመና ሲከፈትላችሁማ ከዚያም የበለጠ ታገኛላችሁ።

ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን አናት ላይ ነው። ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። በዚያ ሰዓት ሰው የምታነሱ ከሆነ ዋርካ ሥር አስቀምጡት፣ ወይም በር አፍ ላይ። ካልሆነ ቤት ግቡ፣ ቡና ተጠሩ።

2. ስልኩን አሰናዱ

ይህ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ኪስ ውስጥ የዋለ ሌንስ ላይ የጣት ቅባት አለ። ፎቶው ጉም የለበሰ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ግሪድ የሚለውን አብሩ፤ አራቱ ቀጭን መስመሮች የውሃውን ጠርዝ ቀጥ ለማድረግ ይረዷችኋል። ፍላሹን አጥፉና ረሱት። የፎቶውን ጥራት ከፍተኛው ላይ አድርጉ።

በጣት እየለጠጡ ማቅረብ ይቅር። በእግር ቅረቡ። ስልካችሁ ለብቻው የተሠራ የ2 ወይም የ3 እጥፍ ሌንስ ካለው ግን ለሰው ፊት ተጠቀሙበት፤ በጣም ተጠግቶ በሰፊው ሌንስ ከማንሳት ይሻላል። ሰፊው ሌንስ ጠርዝ ላይ የተቀመጠን ሰው ይለጥጣል። በቡድን ፎቶ አክስታችሁን ዳር አታስቀምጧቸው።

ካሜራ ላላችሁ፦ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሹተሩን፣ ማለትም ምስሉ የሚያዝበትን ፍጥነት፣ ከ1/250 ሰከንድ አታዘግዩ፤ ለታንኳና ለቀዘፋ 1/500፤ ለሚበር ወፍ 1/1000 እና ከዚያ በላይ። አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት ልክ) ከፍ ቢል አትፍሩ። ትንሽ ሻካራ ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል።

3. ሐይቁን ስታነሱ አንድ ነገር ፊቱ አድርጉ

ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከደቡብ ዳርቻ ሆናችሁ የወዲያኛው፣ የጎርጎራ ዳርቻ አይታያችሁም። በዓይን ሲታይ ግሩም ነው። በፎቶ ግን ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሰማይ ሆኖ ይቀራል። ስፋቱን የሚነግር ነገር ያስፈልገዋል። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የቆመ ጀልባ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ያሰጡት አንሶላ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው። መጀመሪያ ያንን ፈልጉ፤ ሐይቁ ከኋላው ራሱ ይመጣል።

የውሃው ጠርዝ ቀጥ ይበል። ጠማማ ሐይቅ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ጠርዙም የሰውን አንገት እንዳይቆርጥ ተጠንቀቁ። ትንሽ ጎንበስ ስትሉ ጭንቅላቱ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሃው ላይ ያርፋል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። መሐል ላይ ያለው ብቻ ነው የሚያበላሸው።

ጠዋት ውሃው ይረጋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ይናወጣል። ነጸብራቅ የምትፈልጉ በጠዋት ውጡ። በጀልባ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የምትሄዱም እንደዚያው በጠዋት፤ ለፎቶውም ለደኅንነታችሁም።

ስለ ታንኳ ትንሽ ላስፋ። የደንገል ታንኳ የጣና መልክ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉን ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ እየጠቀለሉ ያስሩታል፣ አፍንጫውን ቀና ያደርጉታል። ውሃ ስለሚጠጣ ሥራ ሲያበቃ ዳር ላይ ያቆሙታል፣ እንዲደርቅ። ዛሬ የእንጨትና የሞተር ጀልባው በርክቷል። ደንገሉም እየተመናመነ ነው። ስለዚህ ታንኳ ስታዩ የጥላ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ። የጥላው ፎቶ ያምራል፤ ፀሐይዋ ከኋላው ሆና፣ መቅዘፊያው ከውሃው ሲወጣ፣ ጠብታው ሲንጠባጠብ። እሱን አንሱ። ከዚያ ግን ሲመለስ ዳር ላይ ጠብቁት። ቋጠሮውን በቅርብ አንሱ። ጣቱ ገመዱን እንዴት እንደሚያጠብቅ። የተያዘው ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛው፣ የተቀመጠበትን ቦታ። ታንኳውን ሲያቆመው ጫንቃውን እንዴት እንደሚሰጠው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው፤ እንዴት ነበር የሚሠራው ብሎ።

ዓሣ በሚጸዳበት ቦታ ወፎች ይሰበሰባሉ። ፔሊካን የምትፈልጉ እዚያ ቁሙ። ጉማሬ ግን ሌላ ነገር ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያል። ለፎቶ ብላችሁ በታንኳ አትቅረቡት። የባለጀልባውን ቃል ስሙ፣ ከርቀት አንሱ።

4. ከሰው ፊት በፊት ሰላምታ

እኛ አገር ሰው ሰላም ሳይባል ፎቶ አይነሳም። ይህ ወግ ብቻ አይደለም፣ ፎቶውንም ያሳምረዋል። ካሜራው ከእናንተ ቀድሞ ከደረሰ ሰውዬው ይደነግጣል ወይም ይቆጣል። ስለዚህ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ ቅረቡ። እንዴት ዋላችሁ በሉ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ። በባሕር ዳር ይህ ብዙ በር ይከፍታል፤ አንዳንዱ አባታችሁን ያውቃቸዋል። ከዚያ፦ «አባባ፣ ሥራዎን ሳላስተጓጉል አንድ ሁለት ፎቶ ላንሳዎት?» እንቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ነገ ራሳቸው ሊጠሯችሁ ይችላሉ።

እሺ ሲሉ መጀመሪያ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እጃቸውን ጎን ያደርጋሉ፣ ፊታቸውን ያጠነክራሉ። ፈገግ በሉ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። ለትልቅ ሰው ፎቶ ማለት ያ ነው፤ ክብር ያለው አቋም። ያንን በደንብ አንሱ፣ አሳዩአቸው። ከዚያ ስልኩን ሳታስቀምጡ ወሬ ቀጥሉ። ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሁለተኛው ፎቶ ይመጣል። ሁለቱንም አስቀምጡ። አንዱ ለእሳቸው ነው፣ አንዱ ለእናንተ።

ልጅ ከሆነ ወላጅ ይጠየቃል። ሐይቁ ዳር ገላውን የሚታጠብ ሰው አይነሳም። የቸገረውን ሰው ችግሩን ለማሳየት ብላችሁ አታንሱ። እናንተ እዚህ ነዋሪ ናችሁ፤ ነገ እዚያው መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።

5. የቤት ፎቶ፦ ቡናውን እንደ ትምህርት ቤት ውሰዱት

ቤት ውስጥ ፎቶ የሚከብደው ብርሃኑ ስለሚያንስ ነው። ቡና ግን ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ላይ ያመጣላችኋል። ሰዎቹ ተቀምጠዋል፣ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ጭስ አለ፣ ጊዜም አለ። ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰዓት ያህል ትለማመዳላችሁ።

መጀመሪያ አምፖሉን አጥፉ፤ ቀን ከሆነ። የአምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲደባለቁ ፊት አንድ ጎኑ ቢጫ፣ አንድ ጎኑ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ የቡናውን ረከቦት ከመስኮቱ ወይም ከበሩ አንድ ሁለት ሜትር ገባ አድርጉት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። እናታችሁ በርጩማ ላይ ከተቀመጡ እናንተ መሬት ተቀመጡ። ቆማችሁ ከላይ ካነሳችሁ የሚታየው አናታቸው ነው። በዓይናቸው ልክ ስትሆኑ ግን ቤቱ ራሱ ይለወጣል።

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል፦ ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት። ስልኩ ነጠላውን አይቶ ምስሉን ያጨልማል፣ ፊት ይጠፋል። ወይም ፊቱን አይቶ ነጠላውን ያነጣዋል፣ ጥለቱ ይጠፋል። መፍትሔው ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ንኩ። ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትወጣለች። እሷን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ሳቡ፣ የነጠላው ሽመና እስኪታይ ድረስ። እዚያ ላይ አቁሙ። ፊቱ ትንሽ ቢጠቁር በኋላ በአርትዖት ማብራት ይቻላል፤ የነጣ ነጠላ ግን አይመለስም። ብሩሁንም ጨለማውንም አመጣጥኖ የሚያነሳ ኤችዲአር የሚል ካለም አብሩት። በምንም ምክንያት ፊትን በአርትዖት አታንጡ። የእናታችሁ መልክ የእናታችሁ ነው።

ጭሱን እንዲህ ያዙት። ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከኋላው ሲመጣ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ጨለማ ሲሆን ነው። ስለዚህ ትንሽ ዞር በሉ፤ በሩ ከጭሱ በስተጀርባ ጎን ላይ ይሁን፣ ከጀርባ የሚታየው ጨለማው ግድግዳ ይሁን። ቡናው ተቆልቶ ለማሽተት በየሰዉ ፊት ሲዞር ደጋግማችሁ ተጫኑ። ሰዉ በእጁ ጭሱን ወደ ራሱ ሲስብ፣ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ፣ የዚያች ቅጽበት ፊት በትእዛዝ አይገኝም።

አንድ ቡና ላይ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። አንደኛው ሰፊ ነው፦ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ፣ ቄጠማው፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር። ቤቱ ቆሽሿል ብላችሁ ዕቃ ከቦታው አታንቀሳቅሱ። ያ ያረጀ ሶፋ አንድ ቀን ይሸጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ፎቶው ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ነው፦ ሁለት ሰው ሲያወራ። ሦስተኛው የቅርብ ነው፦ እጅ፣ ጀበና፣ ሲኒው ጠርዝ ላይ የቆመው አረፋ። ብዙዎቻችን ሦስተኛውን ብቻ እናነሳለን፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለሚያምር። ለቤተሰብ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለው ሰው የሐይቁን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። የሚጠይቀው ሌላ ነው። «በረንዳውን አሳዩኝ። የማንጎው ዛፍ አለ? እማማ በየትኛው ወንበር ነው አሁን የሚቀመጡት?» ይህን የሚመልስ ፎቶ አንሱለት።

6. የድሮውን ፎቶ እንደገና አንሱ

በየቤቱ አንድ አልበም ወይም የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሞላበት። ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፣ ምስጥም አለ፣ ወረቀቱ ይጣበቃል። ነገ ሳትሉ በዚህ ሳምንት ቅዱት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፎቶውን ከመስታወቱ አውጡ። የተጣበቀ ከሆነ አትታገሉት፣ እንዳለ አንሱት። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ቀጥታ ፀሐይ አይንካው። ስልኩን ከላይ፣ ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ ቦታችሁን ቀይሩ እንጂ ፍላሽ አታብሩ። ጀርባውንም አንሱ። ጀርባው ላይ ስም፣ ቀን፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ይገኛል።

ከዚያ ትልቁ ሥራ ይመጣል። አያታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና የስልኩን ድምፅ መቅጃ አብሩ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳያችሁ ይህ ማነው በሉ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ። አትቸኩሉ፤ አንዱ ፎቶ ሌላ ታሪክ ይጠራል። በመጨረሻም የድሮውን ፎቶ በእጃቸው ይዘው እሳቸውን አንሱ። የጎን ብርሃን፣ በዓይናቸው ልክ። ፎከሱ ፊታቸው ላይ ይሁን፤ ሌላ አንድ ደግሞ በያዙት ፎቶ ላይ።

7. ገበያ፣ በዓል፣ ገዳም

ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ቦታ መርጣችሁ ቁሙ። እየተዘዋወራችሁ ከምታሳድዱ ሰዉ ወደ እናንተ ይምጣ። መጀመሪያ የሆነ ነገር ግዙ፤ ሽንኩርትም ይሁን ሌማት። ሻጯ ታውቃችኋለች፣ ከዚያ ፎቶው ቀላል ነው። በድንኳን ላስቲክ ሥር ያለው ብርሃን ቀለም አለው። ሰማያዊ ላስቲክ ሥር ፊት ሰማያዊ ይሆናል። ሰውዬውን አንድ እርምጃ ወደ ጠርዙ ጥሩት።

ጥምቀት ላይ ከዋናው ግርግር ይልቅ ዙሪያውን ተመልከቱ። የከተራ ጠዋት እህታችሁ ቀሚሷን ስትተኩስ፣ የሰፈር ወጣቶች ምንጣፍ ተሸክመው ሲሮጡ። ታቦት ሲያልፍ ግን ካሜራ ይዞ ፊት ለፊት መደቀን ነውር ነው። ገለል በሉ። ምእመን ከሆናችሁ ስልኩን አስቀምጡ።

ዘጌ ስትሄዱ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ ያሉትን የግድግዳ ሥዕሎች ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ። ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። በሮቹ ሲከፈቱ የሚገባው ብርሃን ይበቃል፤ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ሴቶች አይገቡበትም፤ ከቤተሰብ ጋር የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ አስቡ። በዘጌ መንገድ ላይ ደግሞ ጫካው ራሱ ቡና ነው። የቀዩን ፍሬ ለቀማና በየደጁ የተሰጣውን ቡና ሳታነሱ አትለፉ።

8. የማይነሳ ነገር

ወታደር፣ ኬላ፣ አየር ማረፊያ፣ የጥበቃ ቦታ አይነሳም። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ዓባይንና ከተማውን ማየት ግሩም ነው፤ በተለይ ከ11 ሰዓት በኋላ። ቤተ መንግሥቱን ግን አታንሱ። በግንቦት 2016 ስለተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም አዲሱ የዓባይ ድልድይም ጥበቃ ካለ መጀመሪያ ጠይቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ከከተማ ራቅ ስትሉም መንገዱን ከአካባቢው ሰው አጣሩ። አያዋጣም ካሏችሁ ቅሩ፤ ሌላ ቀን ይነሳል።

9. በየወሩ የተለየ ከተማ አለ

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሰው ካሜራውን ያስቀምጣል። እኔ ደግሞ የምመክረው በተለይ ያኔ እንድትወጡ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ አቧራው ታጥቦ አየሩ ይጠራል። አስፋልቱ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ዝቅ ብላችሁ ስታዩት ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ጃንጥላው በሙሉ እዚያ ውስጥ ተገልብጦ ይገኛል። ስልካችሁን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሉና ለሌንሱ ቀዳዳ ተዉለት።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ይቀጥናል። ቀስተ ደመና የምትፈልጉ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ በምትሆንበት ሰዓት ቁሙ፤ ከፊታችሁ ከሆነች አይታይም። መስከረም አደይ አበባ ነው። አደዩን ከላይ ከማንሳት መሬት ላይ ተኝታችሁ ሰማዩን ጀርባ አድርጉለት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አየሩ አቧራማ ነው፤ ሩቁ ይደበዝዛል። ያኔ መልክዓ ምድሩን ትታችሁ ወደ ሰውና ወደ ቤት ተመለሱ።

አንድ ቦታ ምረጡና ዓመቱን ሙሉ ተመላለሱበት። የቤታችሁ በር፣ አንድ ዋርካ፣ ዓባይ ማዶ ያለ አንድ ማዕዘን። ከዚያው ቦታ፣ በዚያው ከፍታ፣ በወር አንዴ አንሱ። ሕንፃ ሲበቅል፣ ዛፍ ሲቆረጥ፣ ልጅ ሲያድግ ያን ጊዜ ይታያችኋል።

10. አስቀምጡ፣ ስም ስጡ፣ አሳትሙ

ማታ ቤት ስትገቡ የማያስፈልገውን አጥፉ። ከአሥር ተመሳሳይ ፎቶ ሁለት ይቀራል። ማስተካከል ካስፈለገ ጠማማውን አቅኑ፣ ጨለማውን በትንሹ ክፈቱ፤ ቀለሙን አታጋንኑ። ጣና ብዙ ጊዜ ሰማያዊ አይደለም፤ ቡናማም አረንጓዴም ነው። እንደዚያው ተዉት።

ስልክ ይጠፋል፣ ውሃ ውስጥም ይወድቃል። ስለዚህ ፎቶው ሦስት ቦታ ይኑር፦ ስልኩ ላይ፣ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ዘንድ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል፤ በኋላ ለማሳተም አይሆንም። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጥሩ ኅትመት 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል።

የፎልደሩን ስም በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። ስልኩ የፈረንጁን ቀን ራሱ ይመዘግባል፤ እናታችሁ የሚያስታውሱት ግን «የዚያ ዓመት ፍልሰታ» ብለው ነው። «2017 ነሐሴ፣ ፍልሰታ፣ እማማ ቤት» ዓይነት ስም ይበቃል።

ፎቶ እሰጥዎታለሁ ብላችሁ ቃል ከገባችሁ ስጡ። ካልሰጣችሁ በሚቀጥለው ፊት ይነሷችኋል፤ እውነታቸውንም ነው። ወር በገባ ቁጥር ጥቂት መርጣችሁ ፎቶ ቤት ውሰዱ። የማያብለጨልጭ ወረቀት ጠይቁ፤ የጣት አሻራ አይይዝም፣ መስኮት ፊት ሲያዩትም አያንጸባርቅም። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ቦታና ቀን ጻፉ። እስክሪብቶ በሌላው ፎቶ ላይ ይታተማል። ከዚያ ለዓሣ አጥማጁ የእሱን፣ ለሻጯ የእሷን፣ ለእናታችሁ ደግሞ የቡናውን ሰፊ ፎቶ፣ ሁሉም ሰው ያለበትን፣ አድርሱላቸው።